ሰው ይታመናል ወይስ መጠንቀቅ ነው?

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ቆማችሁ ደክማችኋል። አላስረዝምም። ግን ሳልናገረው የማልሄደው ነገር አለ።

ይህ ዛሬ የምንቀብረው ጓደኛዬ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት ይወርዳል? «ሰው ካልተማመነ ማን ከማን ይገዛል?» ይል ነበር። ቤት ሲወረስ ውል አለ፣ ምስክር አለ። ጥርጣሬ ሲወረስ ማን ያየዋል? እሱ ያየው ነበር።

አሠራሩን ታውቃላችሁ። ወላጅን አንድ ክፍል፣ ልጅን ሌላ ክፍል ያስቀምጣል። ለሁለቱም አንድ ጥያቄ፦ «ሰው ይታመናል ወይስ መጠንቀቅ ነው?» መልሳቸው ብዙ ጊዜ ይገጥማል። አንድ ቀን እኛ ባልደረቦቹ ለቀልድ ያዝነው። «ዛሬ ተራው ያንተ ነው» አልነው። እሱን እዚህ፣ ልጁን ከግድግዳው ወዲያ። እሱ ደረቱን ነፍቶ «ሰው ይታመናል» አለ። ልጁ «መጠንቀቅ ነው እንጂ!» አለች።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ማን አስተማራት?» አለ። እዚያ የምታለቅሰው ጸሐፊያችን መች ዝም ትላለች! «ጋሼ፣ ውኃ ሊጠጡ ሲወጡ እንኳ መሳቢያዎን ይቆልፉ የለም እንዴ?» አለችው። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ማን አስተማራት? ታናሽ ወንድሙ የአባታቸውን ቤት ሳይነግረው ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሙ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ግን ወንድሙ ሲደውል ስልኩን አያነሳም። በር ሲንኳኳ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ልጅ የምትወስደው የሚነገራትን ሳይሆን የምታየውን ነው፤ ይህን የጻፈው እሱ ራሱ ነው!

ሆስፒታል ሳለ እጄን ያዘ። «የሚያወርሰው ወላጅ ብቻ አይደለም» አለኝ። «ጎረቤት አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ጓደኛ አለ። እኔ ያጣመምኩትን እናንተ አቃኑልኝ። ወንድሜ ይምጣ።»

መጥቷል። የመካነ መቃብሩ በር ላይ ቆሟል። አትዙሩ!

ልጄ፣ ጠዋት «እሱ ከቀረበ እኔ እሄዳለሁ» ብለሽኛል። ሰምቻለሁ። ለአጎትሽ ጥብቅና አልቆምም፤ ጥፋቱ ጥፋት ነው። ግን የአባትሽን ቃል ከአባትሽ ጋር እንድቀብረው ትፈልጊያለሽ? እኔ አልችልም።

መንገድ ስጡት። ና፣ ቅረብ። አታቀርቅር፣ ና።

ልጄ፣ ጥያቄው ያው የአባትሽ ጥያቄ ነው። መልሱን ዛሬ አልጠይቅሽም።

ወዳጄ፣ ወንድምህ አጠገብህ ደርሷል። ልጅህ ፊቷን አዙራለች፤ አልዋሽህም። እግሯ ግን አልተነቃነቀም። አልሄደችም። ይህቺን ይዘህ እረፍ። ደህና ሁን።