የሦስተኛው ጉድጓድ ዝናብ

አናጢው አባታችን፣ «ከኋላህ ሰው መኖር አለመኖሩን ሳታይ በር አትዝጋ» ይሉ ነበር። ይህንንም ማለት የጀመሩት፣ ሠርተው የጨረሱትን በር ሲሞክሩ የግራ እጄን ትንሽ ጣት ከቀጠቀጡብኝ ቀን ወዲህ ነው። ጣቱ የእኔ ቢሆንም ቃሉን የያዙት ግን ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድሜ ሲሆኑ፣ በመጨረሻ ሕመማቸውም ደጋግመው ያነሡት ነበር። ይህ የማነብላችሁ ጽሑፍ ቢጎረብጣችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገሩ ግን የእሳቸው ነው፤ እንዲነበብ ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

ወንድሜ ከአባታችንና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን በመጀመሪያ ልጅነት ተወልደው፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አድገው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታችን ከጣሪያ ወድቀው ወገባቸውን ስለተጎዱ ትምህርቱን ትተው ቤቱን መደገፍ ጀመሩ። ሃያ ዓመት ሲሞላቸውም በከሰል ማዕድኑ ሦስተኛ ጉድጓድ ተቀጠሩ።

ሁለት ዓመት ከማጓጓዣው ቀበቶ ሥር የሚፈሰውን ከሰል በአካፋ ሲመልሱ ቆይተው፣ ዝምተኛና ጠንቃቃ መሆናቸው ስለታየ የውሃው ኃላፊነት ተሰጣቸው። ለማታውቁት፣ ቆፋሪው ማሽን ከሰሉን ሲገምሰው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይነሣል፤ ያንን ወደ ሰው ሳንባ ሳይገባ የሚያስቀረው በማሽኑ ጥርሶች ላይ የሚረጨው ውሃ ነው። የውሃው መዝጊያ ደግሞ ከቆፋሪዎቹ ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ዋሻው ከሚታጠፍበት ላይ ስለሆነ፣ መዘውሩን የያዘ ሰው ድምፃቸውን ይሰማል እንጂ ፊታቸውን አያይም። ቆፋሪዎቹ ከፈረቃ ሲወጡ ፊታቸው በውሃ ተዥጎርጉሮ ይታይ ስለነበር ወንድሜን «ዝናቡ» አሏቸው። ስለ ሳቃቸው ብዛት ሳቂታው ይባሉ የነበሩት የማሽኑ ነጂ፣ ዝናቡ ሚስት ቢኖረው ኖሮ እኛን ሲያጥብ አይውልም ነበር እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቀልዱን ግን ቀልድ አድርገው አላስቀሩትም፤ የገዛ እህታቸውን ዳሩላቸው። ከእሳቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ሰላሳ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ደረስሁ። እርጥብ ከሰል በማውረጃው አፍ ላይ እየተጋገረ ቀበቶውን ስለሚያስቆም፣ ከሰሉን የሚገዛውም ፋብሪካ እርጥብ ነው እያለ ስለሚያጉረመርም፣ በአንድ የወር መጨረሻ የፈረቃው አለቃ ወንድሜን ለብቻ ጠርተው፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ብቻ ውሃውን ጠበብ እንዲያደርጉት ለመኗቸው። አስገደዷቸው አልልም፤ ወንድሜም እንዳልል አዝዘውኛል። በዚያ ወር ሦስተኛው ጉድጓድ በምርት ከሁሉ አንደኛ ወጣ። በሚቀጥለው ወር ሁለቱ ሰዓት አራት ሆነ፤ ማጥበቡም መዝጋት ሆነ። አቧራ ለኪዎቹ የሚመጡበት ቀን ቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ያን ቀን ብቻ ውሃው ከጧት እስከ ማታ ይለቀቅና አየሩ ንጹሕ ነው ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ወር አለፈ፤ ከዚያም በኋላ ልማዱ አልቀረም። ወንድሜም ለምርቱ ማደግ ላደረጉት ትጋት በሰው ፊት የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ።

ቆፋሪዎቹ ቧንቧው ያረጀ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳቂታው ቅንድባቸው ድረስ ጠቁረው ወደ መዝጊያው መጡና፣ «ዝናቡ፣ ምነው ጠፋህብን?» አሏቸው። ወንድሜ የውሃው ግፊት አንሶ ነው ብለው መለሱ። እጃቸው ግን መዘውሩ ላይ ነበረ። ያችን መልስ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሷትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሳቂታው ሳቅ መጀመሪያ አጠረ፤ ቀጥሎ በሳል እየተቋረጠ መጣ፤ ኋላም ሳሉ ብቻ ቀረ። ከማሽናቸው ጀርባ የዋሻውን ጣሪያ ይደግፉ የነበሩት ሁለት ሰዎችም በዚያው ሳል ተከተሏቸው። ሳቂታው በተቀበሩ ማግስት ወንድሜ ውሃውን እስከ ዳር ከፍተው፣ ማንም መልሶ እንዳይዘጋው መዘውሩን ነቅለው በምሳ ቦርሳቸው ወደ ቤት ወሰዱት፤ በዚህም ተቀጥተው ወደ አካፋው ተመለሱ። ስለ ሞቱ ሊጠይቅ በመጣው መርማሪ ፊት ግን አለቃቸውንም ሆነ ራሳቸውን አልከሰሱም፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ ነበር የሚሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቤታቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ኖሩ። የተሸለሙትን ሰዓት አቁመው፣ መዘውሩን ከሥሩ በምስማር ሰቀሉት። የጓዳውን ቧንቧ ባለቤታቸው ሲዘጉት እሳቸው ተነሥተው ይከፍቱት ነበር። ማንም ሳይስል ማዕድ ላይ ቀና ብለው፣ ማነው የሳለው ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጆቹም መጀመሪያ ይስቁ ነበር፣ ኋላ ግን ማንም አልሳቀም። ጡረታ ከወጡ በኋላም ማለዳ ማለዳ ወደ ማዕድኑ አጥር እየሄዱ፣ በሽቦው በኩል፣ «ውሃው ክፍት ነው?» ብለው የዕለቱን የውሃ ሰው ሳይጠይቁ አይመለሱም ነበር። አንዳንዱ ይመልስላቸዋል፤ አንዳንዱ ሽማግሌው ለቀቅ አድርጓቸዋል እያለ ያልፋቸዋል።

በመጨረሻ ደረታቸውን ታመው ሐኪሙ ራጁን መስኮት ላይ ሲያሳያቸው፣ ወንድሜ የአማቼ የሳቂታውም እንዲህ ነበር አይደል ብለው ብቻ ጠየቁ። ቤት እንደተመለሱም ባለቤታቸውን ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው። እሳቸውም ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሯቸውም፤ ምግባቸውን ግን በሰዓቱ ያቀርቡላቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው የወንድሜን ከንፈር በውሃ እያረጠቡ፣ ወንድሜ ያስጻፉኝን ወረቀት ይዤ ወደቆምሁት ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «አንድ ቃል ሳታስቀር አንብበው» አሉኝ። ስለዚህ አነበብሁት። የሌሎቹ የሁለቱ ሟቾች ቤተሰቦች እዚህ መካከላችን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ወንድሜ ይቅርታ የመጠየቅ እንጂ ይቅርታ የማግኘት መብት የለኝም ብለዋልና፣ እኔም ከዚያ አልጨምርም።

ወንድሜ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በልጆቻቸው መካከል ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የሠሩትንም ያጠፉትንም ያውቃልና በምሕረቱ ይመልከታቸው፤ ነፍሳቸውንም ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ቀድመዋቸው ከሄዱት ከሦስቱ ጋርም ያስታርቅልን።

ትናንት ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው መርዶ ልነግር ወደ አጥሩ ሄጄ ነበር። ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ፣ እጅጌው እስከ ክርኑ የራሰ ጎልማሳ ከውስጥ ወጣ። መልኬን ትኩር ብሎ አይቶ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት እንዲህ አለኝ፦

«እኚያ አባት ከቀሩ ሰነበቱ፤ አመማቸው እንዴ? ውሃው ክፍት ነው ይበሉልኝ።»