የአደ ዘይነባ የዘር ማሽላ

ቤንዚን ከጭሮ ማደያዎች ከጠፋ ሰነባብቶ ነበር፤ የእኔም ባጃጅ በር ላይ ተገትራለች። መካኒኩ ጓደኛዬ ጀማል መጣና፣ «ስኳር ፋብሪካዎቹ ከሞላሰስ ኢታኖል አውጥተው ከቤንዚን ጋር ይደባልቁት የለ? እኛስ ከማሽላ ብናወጣ?» አለኝ። እናቱ አደ ዘይነባ ያገባች ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ መሰላ ወረዳ ሄደዋል። ከጎተራቸው ሁለት ጆንያ ማሽላ አመጣ። አብቅለን፣ አብኩተን፣ በበርሜል አፍልተን እንፋሎቱን በቱቦ አወረድነው። ያ ሁሉ ማሽላ፣ ያ ሁሉ ማገዶ አልቆ አንድ ጄሪካን እንኳ አልሞላም። ባጃጇ ግን ተነሳች! እየተንተፋተፈች መናኸሪያውን አለፈችና ወደ ሂርና የሚያወጣው ዳገት ላይ ቀጥ አለች። እየገፋን ስንመለስ ጀማል ራሱ፣ «ማሽላውን ብንሸጠው ኖሮ በድብቅ በውድ ከሚሸጡት ቸርቻሪዎችም ቢሆን የበለጠ ቤንዚን እንገዛበት ነበር» አለኝ።

እነ ጀማል ግቢ ስንደርስ አደ ዘይነባ ተመልሰው ጎተራው አጠገብ ቆመዋል።

«ጀማል፣ የዘር ማሽላዬ የታል?»

«አዮ... ነዳጅ አወጣንበት።»

የዘር መሆኑን ያኔ ገና ሰማሁ። ይረግሙታል ብዬ ስጠብቅ ባጃጇን ትክ ብለው አዩዋት።

«ታዲያ ዝናቡ ሲመጣ ይቺን ልዝራት?» አሉ።

ዝናቡ ደግሞ ዘንድሮ በጊዜው ጣለ። አደ ዘይነባ ዘር ፍለጋ ዘመድ ጎረቤቱን ቢያዳርሱም የተረፈው ሰው አልተገኘም። የሰው ማሳ ማሽላ ሲያበቅል የእሳቸው አረም አበቀለ።