ተኝቼበት የከረምኩት ደብዳቤ

እጄ ላይ ያደገችው ዓይነ ስውሯ የወንድሜ ልጅ ትርንጎ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ታዲያ አንድ ቀን በሰው እጅ ደብዳቤ ላከችልኝ። ብሬል የሚሉት፣ ዓይነ ስውራን ነጥቡን በጣት እየዳበሱ የሚያነቡት ነው፤ ወፍራም ወረቀት፣ በወስፌ የተወጋጋ የሚመስል! በስልክ «ምን ብለሽ ነው?» ብላት «ስትመጪ አነብልሻለሁ» አለችኝ። እኔም እንዳይጨማደድ ብዬ ፍራሼ ሥር አኖርኩት፤ ስትናፍቀኝ እያወጣሁ እስመዋለሁ።

አዝመራው ሲገባ ከምኖርበት ከአምባ ጊዮርጊስ ተሳፍሬ ትምህርት ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። በጣቷ ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«አክስቴ፣ ምነው ምን አደረግሽው? ነጥቡ እኮ ጠፍቷል! ቃል በቃልማ አላስታውሰውም!»

«ኧረ ሸጋ አድርጌ ነው የጠበቅሁት! ፍራሽ ሥር፣ ተኝቼበት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን ክው አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የጓጓሁለት ቃል በገዛ ጎኔ ተደፍጥጦ ሊቀር ነው?

ይሄኔ አንዲት ዓይናማ ልጅ ብድግ አለች፤ ከትርንጎ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠው ሰላም ናት። ለካ አብራት ስትውል ብሬሉን ለምዳዋለች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ፣ ጣት የሳተውን በዓይኗ እየለቀመች አነበበችልኝ፦

«አክስቴ፣ እዚህ የሚያነብልኝም የሚመራኝም አላጣሁም። እንዳንቺ ጮሆ የሚስቅ ሰው ግን አጣሁ።»

ሳወራ ሰፈር የሚሰማኝ ሴትዮ ትንፍሽ ማለት አቃተኝ። ትርንጎ እጇን ወደኔ ዘርግታ አየሩን ዳበሰች።

«አክስቴ? አለሽ?»