ያልሸሸው ቀበሮ

(መስከረም ሃያ አራት፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ መንዝ ደጋ ላይ፣ ቀይ ቀበሮዎች በሚኖሩበት የጓሳ ሜዳ መግቢያ፣ ከጠባቂው ከሸዋፈራሁ ጎጆ በር ላይ፤ ለእግር ጉዞና ለፎቶ ከአዲስ አበባ የምትመላለሰው ካርታ ሠሪዋ ምንትዋብ ካሜራዋን አንግታ ቆማለች።)

ምንትዋብ፦ ሁለት ሰዓት ብቻ ይስጡኝ ነው የምልዎት፣ ጋሼ ሸዋፈራሁ። እስከ ጅብራ ዛፎቹ ደርሼ እመለሳለሁ።

ሸዋፈራሁ፦ ሁለት ደቂቃም የለኝ። ዛሬ ሜዳው ዝግ ነው።

ምንትዋብ፦ ሜዳ እንደ ሱቅ ይዘጋል እንዴ?

ሸዋፈራሁ፦ ይኸው ተዘጋ።

ምንትዋብ፦ ሳይነጋ ተነስቼ ነው የመጣሁት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስነዳ።

ሸዋፈራሁ፦ እንግዲያው ተቀመጪና እረፊ። አደይ አበባው እዚህም አለልሽ። እሱን አንሺ።

ምንትዋብ፦ ለአደይ አበባ ከሆነ የጎረቤቴ አጥር ይበቃኝ ነበር። የዘጋው ማነው?

ሸዋፈራሁ፦ ትእዛዝ ነው።

ምንትዋብ፦ ገባኝ። ፊልም የሚያነሱ ፈረንጆች መጥተዋል፤ ሜዳውን ለእነሱ ለቃችሁላቸዋል።

ሸዋፈራሁ፦ ፈረንጅ መጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጫማ ታገኚኝ ነበር?

ምንትዋብ፦ ታዲያ ምንድን ነው? መንደሩን ሳልፍ አንድ ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም። ሦስት ዓመት ስመላለስ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ሸዋፈራሁ፦ ታስረዋል።

ምንትዋብ፦ ሁሉም?

ሸዋፈራሁ፦ የቀሩት።

ምንትዋብ፦ የቀሩት ማለት?

ሸዋፈራሁ፦ የቀሩት ማለት ነው። ሰኞ ከዞን ሰዎች መጥተው ለሕዝቡ ይናገራሉ፤ እስከዚያ ዝም በሉ ተብለናል። ይልቅ ደመናው ሳይጠቁር ተመለሺ። ጭቃው ክፉ ነው።

ምንትዋብ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። ካዩ በኋላም እምቢ ካሉኝ መኪናዬን አዙሬ እሄዳለሁ። ቃሌ ነው።

ሸዋፈራሁ፦ መነጽሬን ላድርግ። እስቲ።

ምንትዋብ፦ ይኸው። መስከረም ሦስት ቀን፣ ያኔ የመጣሁ ጊዜ ነው። ትልቅ አድርጌ አሳጥሜ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።

ሸዋፈራሁ፦ ይሄ... በስንት ሜትር ነው?

ምንትዋብ፦ ይገምቱ።

ሸዋፈራሁ፦ ሌንሱ ከሩቅ የሚያቀርበው ነው?

ምንትዋብ፦ አይደለም፤ ትንሹ ነው። ሁለት ሜትር ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ ከዚያም ያንሳል።

ሸዋፈራሁ፦ ሕጉ ሃምሳ ሜትር ነው።

ምንትዋብ፦ እኔ አልቀረብኩም። እሱ ነው የቀረበው። ሕጉን ለቀበሮው ያንብቡለት።

ሸዋፈራሁ፦ ሳይነበብላቸውም ያከብሩታል።

ምንትዋብ፦ አይቅኑ፣ ጋሼ። ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ያው ጃኬት፣ ያው ሻሽ፣ ያችው ድንጋይ። ሽታዬን እንዳይስተው ብዬ ሳሙናዬን እንኳ አልቀየርኩም። በመጨረሻ ለመደን።

ሸዋፈራሁ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

ምንትዋብ፦ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ። ካሜራው ራሱ ይመዘግባል።

ሸዋፈራሁ፦ በጠቅላላው ስንት ፎቶ ነው?

ምንትዋብ፦ አርባ ሰባት።

ሸዋፈራሁ፦ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሳዪኝ። አንድ በአንድ። እንዳትዘዪ።

ምንትዋብ፦ ወደዱት ማለት ነው።

ሸዋፈራሁ፦ አንድ በአንድ።

ምንትዋብ፦ እሺ። ይሄ ገና ከጓሳ ሣሩ ውስጥ ሲወጣ ነው። ይሄ ደግሞ ሲያየን። ይሄ...

ሸዋፈራሁ፦ ቆዪ። ከፊቱ ያለችው ምንድን ናት?

ምንትዋብ፦ ፍልፈል ናት። ከጉድጓዷ ብቅ ብላ ነው። ቆንጆ አይደለችም?

ሸዋፈራሁ፦ ከአፉ ምን ያህል ትርቃለች?

ምንትዋብ፦ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ሸዋፈራሁ፦ እሱስ የት ነው የሚያየው?

ምንትዋብ፦ ወደ እኔ። ለዚህ እኮ ነው የወደድኩት።

ሸዋፈራሁ፦ ቀይ ቀበሮ ውሎ የሚያድረው ፍልፈል ለመያዝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያቸዋለሁ፤ ፍልፈል በአፍንጫው ስር እያለች ሰው የሚያይ አንድም አላጋጠመኝም።

ምንትዋብ፦ ጠግቦ ይሆናላ።

ሸዋፈራሁ፦ ጎኑን እይው።

ምንትዋብ፦ ከስቷል እንዴ?

ሸዋፈራሁ፦ አጥንቱን መቁጠር ትችያለሽ። ቀጥዪ። ቀጥዪ። እዚህ ላይ አቁሚ። አገጩን አጉልተሽ አሳዪኝ።

ምንትዋብ፦ ይኸው። ረጥቧል። ጤዛ ነው።

ሸዋፈራሁ፦ በሰባት ሰዓት ጤዛ?

ምንትዋብ፦ ውሃ ጠጥቶ ይሆናል።

ሸዋፈራሁ፦ ከጅብራዎቹ እስከ ወንዙ ስንት ነው? ካርታ ሠሪዋ አንቺ ነሽ።

ምንትዋብ፦ ሦስት ኪሎ ሜትር።

ሸዋፈራሁ፦ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲመጣ ያልደረቀ ውሃ። ቀጥዪ። ከኋላው ሣሩ ላይ ያለው መስመርስ?

ምንትዋብ፦ የመጣበት መንገድ ነው።

ሸዋፈራሁ፦ አራት እግር መስመር አይተውም። አንዱን እግሩን እየጎተተ ነው።

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ፎቶ እያዩ ነው ወይስ ሬሳ እየመረመሩ?

ሸዋፈራሁ፦ የቀኝ ጆሮው ጫፍ ተቀዷል። አየሽው?

ምንትዋብ፦ ድሮም እንደዚያ ነው። ስም አውጥቼለታለሁ፤ ቀደዶ።

ሸዋፈራሁ፦ እኛ በቁጥር ነው የምንጠራቸው። ሰባተኛው ወንድ ነው። መስከረም ስምንት ቀን ጅብራው ስር ሞቶ አገኘነው።

ምንትዋብ፦ ቀደዶ ሞተ?

ሸዋፈራሁ፦ እሱን ተከትለው ሦስት ቀበሮዎች ሞቱ። ባለሙያ መጥቶ የአንዱን ጭንቅላት ቆርጦ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ወሰደ። ውጤቱን ትናንት በስልክ ነገሩን። የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ምንትዋብ፦ ያኔ ግን ጤነኛ ነበር። እንዴት ረጋ ብሎ እንደነበር ቢያዩት። ጅራቱን እንኳ አላንቀሳቀሰም። የለመደኝ...

ሸዋፈራሁ፦ ሰው የሚለምድ ቀበሮ እዚህ ሜዳ ላይ የለም። ፍርሃቱን በሽታው ወስዶበት ነው። አሁን ደህና አድርገሽ መልሺልኝ። ነክቶሻል?

ምንትዋብ፦ አልነካኝም።

ሸዋፈራሁ፦ ልሶሻል?

ምንትዋብ፦ አልነካኝም አልኩዎት እኮ።

ሸዋፈራሁ፦ እጆችሽን አሳዪኝ። አዙሪያቸው። ደህና። የቀሩትን ፎቶዎች ቀጥዪ።

ምንትዋብ፦ ከዚህ በኋላ ያሉት ደብዝዘዋል፤ የሚታዩ አይደሉም።

ሸዋፈራሁ፦ ደብዛዛም አያለሁ።

ምንትዋብ፦ ጋሼ...

ሸዋፈራሁ፦ አምጪው። ይሄን ቁልፍ ነው የምትጫኚው? አርባ። አርባ አንድ። ይሄ እጅ የማን ነው?

ምንትዋብ፦ የእኔ ነዋ። እስቲ ያሽተኝ ብዬ ዘርግቼለት ነው።

ሸዋፈራሁ፦ አንቺ ካሜራ የምትይዢው በሁለት እጅሽ ነው። ሦስት ዓመት አይቼሻለሁ።

ምንትዋብ፦ አንዳንዴ በአንድ እጅም ይያዛል።

ሸዋፈራሁ፦ ሰዓቱስ? ትልቅ የወንድ ሰዓት ነው። ክንዱ ፀጉራም ነው። የአንቺ ክንድ ይኸው ፊቴ አለ።

ምንትዋብ፦ ከሰዓቱ ምን አለዎት?

ሸዋፈራሁ፦ በዚያ ቀን መዝገቡ ላይ የተጻፈው ያንቺ ስም ብቻ ነው። ቀበሮዎቹ ሊወልዱ ሲቃረቡ ከአንድ ሰው በላይ አይገባም። ይህን ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እሺ ብለሽ የፈረምሽውም አንቺ ነሽ።

ምንትዋብ፦ ፈቃዴን ይቀሙኛል።

ሸዋፈራሁ፦ እቀማሻለሁ።

ምንትዋብ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ የማስበው ይህን ሜዳ ነው።

ሸዋፈራሁ፦ ፈቃዱን እቀማሻለሁ፣ አንቺም ትሰድቢኛለሽ፣ ለዓመት ታኮርፊኛለሽ። ይሁን። የማን እጅ ነው?

ምንትዋብ፦ የወንድሜ። ኢዮስያስ ይባላል፤ ታናሼ ነው። እኔ በዚህ ስገባ እሱ በወዲያኛው ሸለቆ ዞሮ መጣ።

ሸዋፈራሁ፦ ነክሶታል?

ምንትዋብ፦ ንክሻ አይባልም። ጣቱን ያዝ አድርጎ ለቀቀው፣ እንደ ቡችላ። ትንሽ ደማ። እኛ እንዲያውም ሳቅን።

ሸዋፈራሁ፦ በሳሙና ታጠበ?

ምንትዋብ፦ በመሀረብ ጠቀለለው። በሦስት ቀኑ ደረቀ።

ሸዋፈራሁ፦ ሐኪም ጋ አልሄደም?

ምንትዋብ፦ ሂድ አላልኩትም። ቀበሮ ነከሰኝ ቢል የት ሊሉት ነው፤ ከማን ጋር ሊሉት ነው። ወዲያው እዚህ ይደውላሉ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ቁስሉ ይቺን ታህል ነበረች።

ሸዋፈራሁ፦ አንቺስ? አሁን አትደብቂኝ።

ምንትዋብ፦ እኔን በእውነት አልነካኝም። የሌንሱ ክዳን ሣር ላይ ወድቆ ነበር፤ እሱን ሲልስና ሲያኝክ ቆየ።

ሸዋፈራሁ፦ ክዳኑን እዚያው ተውሽው?

ምንትዋብ፦ አነሳሁት እንጂ።

ሸዋፈራሁ፦ አንስተሽ ምን አደረግሽው?

ምንትዋብ፦ እንደ ሁልጊዜው ነዋ።

ሸዋፈራሁ፦ ሁልጊዜ ምንድን ነው የምታደርጊው?

ምንትዋብ፦ በጥርሴ ነው የምይዘው። ሁለቱም እጄ ካሜራው ላይ ስለሚሆን።

ሸዋፈራሁ፦ ሳትጠርጊው?

ምንትዋብ፦ በሱሪዬ ጠረግ አደረግኩት መሰለኝ። አላስታውስም። ለምን እንዲህ ያዩኛል?

ሸዋፈራሁ፦ ዛሬ ስንተኛ ቀን ሆነ?

ምንትዋብ፦ ሃያ አንድ።

ሸዋፈራሁ፦ ያ ልጅ አሁን አዲስ አበባ ነው? ስልክ ደውዪለት። አሁኑኑ፣ ሕመሙ ሳይጀምረው፣ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የሆነውን አንድ ሳያስቀር ይንገራቸው። ያንቺን እኛ እናያለን።

ምንትዋብ፦ አዲስ አበባ አይደለም።

ሸዋፈራሁ፦ የት ነው ታዲያ?

ምንትዋብ፦ ከኩርባው በታች። መኪናው ውስጥ። እንደ ያኔው ዞሮ እንዲገባ ነበር ያሰብነው።

ሸዋፈራሁ፦ ጥሪው። አልቆጣውም። ይምጣ።

ምንትዋብ፦ አይመጣም። ትንሽ አሞታል። ጉንፋን ነው፤ ሐሙስ ነው የጀመረው። ቅር፣ እቤት ዋል ብለው እምቢ አለ። የእኔን ቀበሮ ካላየሁ አለ።

ሸዋፈራሁ፦ ምኑን ያመዋል?

ምንትዋብ፦ ራሱን። ጉሮሮውን። ከትናንት ወዲያ ማታ ደግሞ ጣቴን ይወረኛል፣ ጉንዳን የገባበት ይመስላል አለኝ። ቁስሉ ድኖ እያለ።

ሸዋፈራሁ፦ እንቅልፍ ተኝቷል?

ምንትዋብ፦ አልተኛም። ሌሊቱን ሲንጎራደድ ነው የሰማሁት።

ሸዋፈራሁ፦ መኪናው ውስጥ መስኮት ከፍተሻል?

ምንትዋብ፦ አይወድም። ጣርማበር ላይ ለትንሽ ከፍቼው ነበር፤ ነፋሱ ፊቱን ሲነካው አንገቱን ይዞ ጮኸብኝ። ኢዮስያስ ጮኾብኝ አያውቅም። ልጅ ሆኖም እንኳ።

ሸዋፈራሁ፦ ውሃስ ጠጥቷል?

ምንትዋብ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ገዛሁለት። ጠማኝ ብሎ ራሱ ነው ግዢልኝ ያለኝ። ከፈተው፤ ወደ አፉ አስጠጋው፤ መልሶ ዘጋው።

ሸዋፈራሁ፦ ስንት ጊዜ?

ምንትዋብ፦ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው እጁ ተንቀጠቀጠና ጠርሙሱን ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው። እኔም ተናደድኩ፤ የሚቀልድ መስሎኝ። ጋሼ? ለምን ተነሱ?

ሸዋፈራሁ፦ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?

ምንትዋብ፦ ይኸው። ምን ሊያደርጉ ነው?

ሸዋፈራሁ፦ የጥበቃው ሹፌር እዚሁ ነው፤ እሱ ይነዳል። የደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቀድሞ እንዲያውቅ እደውላለሁ። እኔ ከኋላ ከወንድምሽ ጋር እቀመጣለሁ፤ አንቺ ከፊት ነሽ።

ምንትዋብ፦ ከኋላማ እኔ ነኝ የምቀመጠው። ወንድሜ እኮ ነው። እርስዎን አያውቅዎትም፤ ይፈራል።

ሸዋፈራሁ፦ ከፊት ትቀመጫለሽ፣ ልጄ። መስኮቶቹ እንደተዘጉ ይቆያሉ። ምራቁን በእጅሽ እንዳትጠርጊለት። ውሃም አናነሳበትም።

ምንትዋብ፦ እሺ። እሺ፣ እንዳሉኝ። ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ አይደለም? ክትባት አለ፣ በመርፌ የሚሰጥ፤ ሰምቻለሁ። ፈቃዱን ይውሰዱት፣ ካሜራውንም ይውሰዱት። ብቻ ክትባቱ ይደርስለታል ይበሉኝ።

ሸዋፈራሁ፦ ለአንቺ ይደርሳል።