የጅራታሙ ኮከብ መንገድና የአናጢው ዓይን

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሰፈራችንን አናጢ ከዓይን ሕክምና ቤቱ ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። እኔ መነጽሬን ላስለካ ስወጣ እሳቸው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ይወርዳሉ። ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ስለጋረደባቸው ያወቁኝ በድምፄ ነው።

«ዛሬ ይገፈፍልኛል ብለውኝ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ተውኩት። ያ ጅራታም ኮከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ዓይኔን ለስለት አልሰጥም። እሱ ሲያልፍ እመለሳለሁ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ሞራው ጠጥሯል፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ዓይኑ ራሱ ሊጠፋ ይችላል አለኝ። እሱ የሚያውቀው ዓይን ነው፤ የሰማዩን ምን ያውቃል?»

መነጽሬን ትቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ሥራ ቤታቸው መለስኳቸው። መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። ጣውላ ያነሳሉ፣ ዳብሰው ያስቀምጣሉ፣ እስከ በሩ ሄደው ይመለሳሉ። ፍርሃት የገባበት ሰው ቤቱ ይጠበዋል።

ብዙም ሳይቆይ የእህታቸው ልጅ እያለከለከች ደረሰች። ሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ ናት።

«ጋሼ፣ ሕክምና ቤቱ ቆሜ ስጠብቅዎት ኮከቡን ፈርተው ሄዱ አሉኝ! ለመሆኑ ጅራታሙን አይተውታል?»

«በምን ዓይኔ ልየው?»

«ታዲያ ያላዩትን ነው የሚፈሩት?»

«ነብርንም ቢሆን መጣ ሲሉኝ ነው የምሸሸው፤ ቀርቤ አልዳብሰውም።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«እናቴ ስትነግረኝ፣» አሉ እየተንጎራደዱ፣ «እንዲህ ያለው ኮከብ በወጣ ጊዜ ስንት ሰው አልቋል።»

«ሳይወጣ ያለቀውንስ ማን ቆጠረው?»

«አንቺ ደግሞ አዋቂ ሆንሽና! ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ‹ይደምቃል› አላችሁ፤ ጭራሽ ደበዘዘ ይላሉ። እውቀታችሁ ይኸው ነው?»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከጣውላዎቹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እውነትዎን ነው፤ ድምቀቱን ተሳስተናል። መንገዱን ግን አልተሳሳትንም። በየምሽቱ ከአጠገቡ ካሉት ከዋክብት ያለውን ርቀት እንለካለን። የሚሄደው በፀሐይ ስበት ስለሆነ፣ እስካሁን የሄደበት የሚሄድበትን ይነግረናል። ድምቀቱ ሌላ ነው። ኮከብ እንበለው እንጂ በረዶና አቧራ ነው፤ ፀሐይ ስታሞቀው ይተንናል። ውስጡን ስላላየነው ምን ያህል እንደሚተንን በግምት ነው የምንናገረው። እርስዎስ ግንድ ሲገዙ ርዝመቱን ይለኩ የለም? ሲሰነጥቁት ልቡ በስብሶ ቢገኝስ?»

«በግንድ አትምጪብኝ፤ ስንቱ ግንድ አቃጥሎኛል» አሉ። መንጎራደዱን ግን ተዉት። «እስቲ ነገ ምሽት የት ይሆናል?»

«ከዚህ በር ላይ ቆመን ስናይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጭስ መውጫ በስተግራ፣ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ከዋክብት መካከል። ድምቀቱም አይቀንስም ብለን ገምተናል፤ ለዚህኛው ግን አልምልልዎትም።»

በማግስቱ ፀሐይ ገብታ ሲጨልም በሩ ላይ ቆምን። አናጢው ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ጠሩና፣ «በይ አንቺ ንገሪኝ፤ እነዚህ የተማሩት አንድ ናቸው፣ ይሸፋፈናሉ» አሏት።

«ከሁለቱ ከዋክብት መካከል ነው፤ ልክ እንዳለችው። ግን ጉድ ነው፤ ከትናንቱ ጅራት ግማሹ የለም!»

«እንግዲህ ድምቀቱን አሁንም ተሳስቻለሁ» አለች የእህታቸው ልጅ። «ዛሬውኑ ለሌሎቹ ጣቢያዎች አስታውቃለሁ።»

«በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ትያለሽ?»

«ካልተናገርኩ በምን አርመዋለሁ፣ ጋሼ?»

አናጢው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ጥፋት መጣ እያሉ ያስፈራሩኝ ሰዎች፣» አሉ፣ «ጥፋቱ ሲቀር አንድ ቀን እንኳ ተሳሳትን ብለውኝ አያውቁም። በይ፣ ነገ ሐኪሙ ጋ ውሰጅኝ።»

በነጋታው ለቀዶ ሕክምናው ከመተኛታቸው በፊት ሐኪሙን፣ «አንተስ ተሳስተህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ አልተቀየመም። ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ቢበላሽም ምን እንደሚያደርግ ዘርዝሮ ነገራቸው። «ይኸ ይሻለኛል» ብለው ተኙ።

አንባቢ ሆይ፣ የተለካውን ማመን፣ የተገመተውንም ግምት ብሎ መጥራት ጥቅሙ ለሰማይ ብቻ አይደለም። በሽተኛ በጊዜው ይታከማል፤ ሠራተኛ በእጁ ያድራል፤ ባልሆነ ወሬም ቤተ ሰብ አይታመስም። ስህተቱን የማይናገር ሰው ግን አዋቂም ቢሆን ሊመራን አይችልም።

ፋሻው በተፈታ ማግስት አናጢው ሥራ ቤታቸውን ሊከፍቱ ሲሄዱ አገኘኋቸውና አብረን ተጓዝን። ከልብስ ሰፊዋ ደጅ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። በዚያው በጨለማቸው ዘመን በዳበሳ የሠሩላት በር ከመቃኑ ጋር ተጣልቶ አንድ ጎኑ ተንጋዷል።

«ይኸን እያየሽ እንዴት ዝም አልሽኝ?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነዋ! ማታ ማታ በእግሬ እየረገጥኩ ነው የምዘጋው።»

«ተሳስቻለሁ» አሉ፤ መንገደኛው እስኪዞር ድረስ ጮክ ብለው። ወዲያውም ማጠፊያውን መንቀል ጀመሩ።