ያልተጻፈው ውሻ

ማይኬንዬ፣ ወገብሽ እንዴት ዋለ? ተይ፣ አንቺ አትጎንበሺ፤ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን እኔው አወጣዋለሁ። አንቺ ጫፉን ብቻ ያዢልኝ። አንሶላ እንደሆነ ለብቻ አይሳብ... ባሌ ካረፈ ወዲህ በጣም የቸገረኝ ይኸው አንሶላ መሳብ ነው፤ ሌላው ሌላው እንኳ ይለመዳል። ሳቢ፣ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ብርዱ ዘገየ አይደል? ኅዳር ተጋምሶ ሐይቁ ገና በረዶ አልያዘም። ደራሲዎቻችንም ሬሳ የሚጥሉበት በረዶ አጥተው ይሆናል።

የደራሲ ነገር ከተነሣ... ነገ ከሰዓት እንግዳው ደራሲ ቤተ መጻሕፍቱ እንደሚመጣ ሰምተሻል መቼም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያስ አየሽው? ትልቅ ውሻ ተስሎበታል። አንቺ መጽሐፉን ጨርሰሽዋል፤ ወገብሽን ታመሽ የቀረሽው ከውይይቱ እንጂ ከንባቡ አይደለም። ለመሆኑ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ውሻ አየሽ? ... አላየሽም። አይዞሽ፣ ዓይንሽ ደህና ነው። እኛም እስከዚያ የውይይት ማክሰኞ ድረስ አላየንም ነበር።

ቀስ ብዬ ላውራ? ለምን? ማድረቂያው ጋ ፎጣ የምታጥፈው ጎረቤታችን እንዳትሰማ? እሷን ምን አገባት፣ እኔ የማንን ስም ጠራሁ? እንዲያውም ትስማ፤ እሷም የንባብ ማኅበራችን አባል ናት፣ ስለ መጽሐፍ ሲወራ ደስ ይላታል። እኔ እንደሆነ ሐሜት አልወድም፤ የማወራሽ አንዲትን ሴት ስለማደንቃት ነው።

ምን ዓይነት አንባቢ መሰለችሽ... እኛ ደራሲው የጻፈውን ብቻ እናነባለን፤ አቅማችን እዚያ ድረስ ነው። እሷ ግን ያልጻፈውንም ታነባለች። ይሄ ተሰጥኦ ነው ማይኬን፣ በትምህርት አይገኝም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉ ሰዎች እሷን ቢያዩ አፋቸውን በያዙ ነበር። ... ጫፉን አጥብቀሽ ያዢ፣ መሬት እንዳይነካብን።

ሶልቬይን ታውቂያት የለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የምትሠራዋን? የማኅበራችንን ቅጂዎች በከረጢት አድርጋ ስታዘጋጅ አንድ ጎደላት። ቸኩላ ኖሮ ከጎን ያገኘችውን ሌላ መጽሐፍ ጨመረችበት። ይፈረድባታል? የሀገራችን የወንጀል ልብወለድ ሽፋኑ ሁሉ አንድ ነው። ቀይ የእንጨት ቤት፣ ጉም፣ የጀልባ ማቆሚያ። በእኛው መጽሐፍ ላይ ጀልባ አለ፣ በዚያኛው ላይ የለም፤ ልዩነታቸው ይቺ ናት። ርዕሱማ... ርዕስ ማን ያነባል? ውስጡም ያው ነው። ሚስቱ የፈታችው መርማሪ አለ፤ እንቅልፍ የለውም፣ ልጁ አትደውልለትም፣ ቀዝቃዛ ቋሊማ ቆሞ ይበላል። በልብወለድ የተገደለው ሁሉ የእውነት ቢሞት ኖሮ እዚህ ቬርምላንድ አውራጃችን ውስጥ አንሶላ የሚስብልኝ ሰው ባላገኘሁ። ብቻ በእኛ መጽሐፍ ገዳዩ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ በዚያኛው ደግሞ ቄሱ፣ እሱም ውሻ አለው።

እንግዲህ ያ መጽሐፍ ለዚያች ሴት ደረሳት። ዕድለኛ ናት።

ተሰበሰብን። ደንባችንን ታውቂያለሽ፣ እኔው ነኝ ያወጣሁት፤ ሁሉም በተራው ይናገራል፣ አንዱ ባነበበው ሌላው አይገባበትም። ተራዋ ሲደርስ ስለ ውሻው ጀመረች። ጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ጌታውን ሲጠብቅ በብርድ ስለሞተው ውሻ... የእሱ ዝምታ የሁላችንም ዝምታ እንደሆነ... እንዴት አድርጋ እንደተናገረችው ብነግርሽ። እኔ እንኳ ገጹን ስፈልግ ነበር። ስትጨርስ አንድ ሰው "የምን ውሻ ነው?" ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ማን ይላል? ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም ይባል የለ? እኛ ደግሞ ባለቤቲቱን እናከብራለን።

ቀጥሎ የቶርቢዮርን ተራ ነበር። ያው እንደምታውቂው፣ የሰፈሩን ጥርስ ሲነቅል ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው፤ ገዳዩ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ቢያገኘው ፊቱን አጥቁሮ ከርሟል። እሷ "ቄሱ ነው የገደለው" ስትል ፊቱ በራ። "እኔም ከመጀመሪያው የጠረጠርኩት ቄሱን ነው" አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ... የጥርስ ሐኪሙ እኮ መጨረሻ ላይ አምኖ፣ እስር ቤት ገብቶ ነው መጽሐፉ የሚያልቀው። ቶርቢዮርን ግን ሰውየው ያመነው ለቄሱ አዝኖለት ነው ብሎ አስረዳን፤ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ሳይገሉ ጎፈሬ የሚሉት ይኸው ነው፤ ምስኪኑ ቄስ በእኛ መጽሐፍ ውስጥ ሥራው ሰው መቅበር ብቻ ነበር።

ጉን-ብሪት ደግሞ አለቀሰች። "እኛም ቤት ልክ እንደሱ ያለ ውሻ ነበረን" አለች። አንቺ የልጅነት ጓደኛዋ ነሽ፤ ውሻ በበሩ ሲያልፍ እንኳ አስነጥሷት ዓይኗ አይደል የሚያብጠው? እኔ ጋ ሲደርስ "ደስ የሚል አስተያየት ነው" ብዬ አለፍኩ። በእኛ ሀገር ከዚህ የከፋ ስድብ የት አለ? እሷ ግን አመሰገነችኝ። ልበ ቀና ናት፤ ምንም ነገር ቶሎ አይገባትም... ቂም ማለቴ ነው፣ ቂም ቶሎ አይገባትም።

ከዚያ ሶልቬይ ደራሲው ሲመጣ መድረክ ላይ አብሮት ተቀምጦ የሚጠይቀው ማን ይሁን አለች። እጅ ሁሉ ለማን ተነሣ መሰለሽ? የእኔም ተነሥቷል፤ ሁሉም አውጥቶ እኔ ብቻዬን ኪሴ ውስጥ ልክተተው? ማይኬን፣ ይህን ማኅበር ያቆምኩት እኔ ነኝ። ያንን ደራሲ ማንም ሳያውቀው ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እንዲመጣ ስንት ጊዜ ጻፍኩለት። ለነገው ፀጉሬን ልሠራ ቀጠሮ ይዤ ነበር፣ ሰረዝኩት። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ፀጉር ማን ያየዋል? ቅር አለሽ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ ቅር ብሎኛል። አንጀቴ ነው ያረረው።

ግን የእኔን ተይው፤ ውሻው ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ውሻው አድጓል። ጉን-ብሪት ለደራሲው የምታበረክተው ከክር የተሠራ ውሻ ጨርሳለች፤ ጆሮው ብቻ ይቀራታል። ቶርቢዮርን ለድግስ የምናዝዘውን አረንጓዴ ኬክ አዟል፣ ላዩ ላይ በስኳር የተሠራ ውሻ ይተኛበታል። ሶልቬይማ መጽሐፎቹ ሲመለሱ ስሕተቷን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ለእኔ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ለባለቤቲቱስ ነገረቻት? ምን ሲደረግ... ሄዳ ማስታወቂያው ላይ ውሻውን ሳለችው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የማውቀው፤ የእኛው ባልተወለደበት ይጮኻል።

እኔ ልንገራት? እንዴት ብዬ? ሰው ያነበበውን አላነበብሽውም ማለት ነውር አይደል? ቀንታባት ነው የምትሉትስ እናንተው አይደላችሁ? እንኳን ልነግራት፣ ጥያቄዋን መስታወት ፊት ስትለማመድ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ እኮራባታለሁ። የመጀመሪያው "ያንን ውሻ በብርድ ስትገድለው ልብህ አልራራም?" የሚል ነው። በማይክሮፎን። ጋዜጠኛም ይመጣል አሉ፣ ፎቶ አንሺ ጭምር። ምስኪኑ ደራሲ ሰው እንጂ እንስሳ ገድሎ አያውቅም...

ጎረቤታችን ደግሞ ያንኑ ፎጣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ጥንቁቅ እኮ ናት። በይ ይሄኛውን አንሶላ በእኔ በኩል ስጪኝ፣ አልቋል። ወገብሽን አሳመምኩሽ።

ወይ... ልትወጪ ነው እንዴ ጎረቤት? ልብስሽ እኮ ገና እየዞረ ነው። አንገትሽም ቀልቷል፤ የዚህ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሙቀት አይጣል ነው። ምነው፣ የእኛ ወሬ ረበሸሽ? ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው፣ አንቺ አታውቂያትም።

በይ በመንገድሽ ካገኘሻት ግን ምርቃቴን አድርሺልኝ። አንደበቷን ያጣፍጥላት፣ አዳራሹን ይሙላላት። የልቧን ጥያቄ አንድ ሳታስቀር ትጠይቅ። ደራሲውንም እግዜር እንደ እኛ ጨዋ ያድርግላት።