ድስቶቼ የገቡበት ቤት

ሞላሌ ገበያ ዳር ባዶ ክፍል አለ ሲሉኝ፣ ከፀሐይና ከአህያ እርግጫ ልገላገል ብዬ ባለቤቱ ጋሼ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ አስቀምጠው አናገሩኝ።

«ምን ልትሸጪበት ነው?»

«ሸክላ፤ ድስትና ጋን።»

«መልካም! ከሰው ገዝተሽ ነው ራስሽ ሠርተሽ?»

ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ጭቃ እያየሁ መዋሸት አማረኝ፤ ግን በእጄ አላፍርም። «ሠርቼ ነዋ!» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔስ ምንም አልል ነበር፣ ልጄ፤ ጎረቤቱ ግን ‹ቡዳ አስገባብን› ብሎ መግቢያ መውጫ ያሳጣኛል።»

«ጎረቤቱስ ወጡን በመዳፉ ላይ ነው የሚያበስለው?» ብያቸው ወጣሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በዚያ ባልፍ ክፍሉ ተከራይቷል። ከእኔ የምትረከብ ነጋዴ ድስቶቼን ደርድራ ትሸጣለች፤ ገዝታ የምትሸጥ ናትና ማንም ምንም አላላትም። ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ልጆቼ አስቸገሩዎት?»

ግራ ገብቷቸው ወደ ድስቶቹ ዞሩ።

«አዎ፣ እነሱን ነው የምልዎት። ልጆቹን ካስገቡ እናትየውንስ መቼ ነው?»

አቀረቀሩ። ከበሩ ፈቀቅ አሉና፣ «እስቲ ለጊዜው ከፀሐዩ አረፍ በይ» አሉኝ። ገባሁና ከገዛ ድስቶቼ አጠገብ ተቀመጥኩ።